ጨው የባሕር ጉዳይ ብቻ አይደለም፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ምንጮች ስለሚያድጉ ታዳጊ ቀንድ አውጣዎች የቀረበ ምላሽ

በኢትዮጵያ ደጋ ስለ በጎች የጉበት ትል በተጻፈው ውስጥ አንድ ሐሳብ ሥር ሰዷል። ትሉን ተሸክማ የምታሳድገው የጭቃ ቀንድ አውጣ የት እንደምትኖርና መቼ እንደምትበዛ የሚወስኑት ሙቀትና እርጥበት ናቸው ይባላል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ግን የባሕር ዳርቻ አጥኚዎች ሥራ ተደርጎ ይታያል። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ኦይስተርና ሙስል የተባሉት ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎል ለበሶች የሚቸገሩበት ነገር እንጂ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ላይ ስለሚፈልቅ ንጹሕ ምንጭ የሚነሣ ጥያቄ አይመስልም። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሐሳብ የቀረበ ምላሽ ነው። በመንዝ ምንጭ ውስጥ ዛሬ ከእንቁላል የወጣች ቀንድ አውጣ ከጨው ጋር ያላት ትግል በባሕር ዳር ካለው የኦይስተር እጭ ትግል አያንስም፤ የሚለየው አቅጣጫው ነው። ያንን ትግል ሳንቆጥር የምንሠራው የበሽታ ካርታም ጎደሎ ይሆናል ባይ ነኝ።

የሐሳቡን ጥንካሬ አስቀድሜ ልናገር። ይልማ ጆብሬና ጆን ማሎን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የሙቀትንና የእርጥበትን ሂሳብ ከመልክዓ ምድር መረጃ ጋር አዋህደው፣ በአገሪቱ የጉበት ትል ስጋት የት እንደሚበረታ የሚተነብይ ሞዴል ሠሩ። መነሻው ቀላልና ጽኑ ነው። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የትሉም ሆነ የቀንድ አውጣዋ እድገት ስለሚገታ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሙቀት በየቀኑ ደምሮ፣ መሬቱ ውሃ ይዞ የሚቆይባቸውን ወራት ደርቦ ስጋቱን ማስላት ይቻላል። የእንስሳት ሐኪሞች መድኃኒት መቼ መስጠት እንደሚሻል ለማቀድ እንዲህ ያለው ሥራ ትልቅ አገልግሎት አለው። ክርክሬ ከሥራው ጋር ሳይሆን ከዚያ ወዲህ ከተለመደው አነባበብ ጋር ነው። ሙቀትና እርጥበት በአገር ስፋት ብዙ ነገር ስለሚያስረዱ፣ በአንድ ቀበሌ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ረግረጎች መካከል ያለውን ልዩነትም ያስረዳሉ ተብሎ ተወሰደ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ረግረጎች አየር አንድ ነው፤ የሚዘንብባቸውም አንድ ደመና ነው። አንዱ በቀንድ አውጣ ተሞልቶ ሌላው ባዶ ሲሆን ምክንያቱን ከቴርሞሜትርና ከዝናብ መለኪያ ውጭ መፈለግ ግድ ይላል።

ከባሕሩ ልጀምር፤ የተለመደው ሐሳብ ጨውን የሰጠው ለባሕሩ ነውና። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ጥንካሬው በኦስሞሲስ መለኪያ 1000 ሚሊኦስሞል ገደማ ነው። ኦይስተርና ሙስል የደማቸውን ጨው ከዚህ ለመለየት አይታገሉም። ውጭው ሲቀጥን ደማቸውም አብሮ ይቀጥናል። ሕዋሶቻቸው በሚገባባቸው ውሃ አብጠው እንዳይጎዱ ግን በውስጣቸው ያከማቹትን ታውሪን፣ ግላይሲን፣ አላኒንና መሰል የአሚኖ አሲድ ሞለኪሎች ይቀንሳሉ፤ ጨዉ ሲመለስ መልሰው ያከማቻሉ። ጎርፍ ወንዙን ሞልቶ የባሕሩን ዳር ሲያቀጥነው፣ አዋቂው ሁለቱን ክዳኖች ገጥሞ ክፉውን ቀን ያሳልፋል፤ ለቀናት ሊቆይም ይችላል። ለእጩ ይህ መሸሸጊያ የለውም ማለት ይቻላል። በውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚዋኘውና የሚመገበው በአንድ ዓይነት ፀጉር መሰል መቅዘፊያ ነው፤ እሱን ሰብስቦ ክዳኑን ቢዘጋ ይሰምጣል፣ ምግብም ይቀርበታል።

ኤች. ሲ. ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ አሜሪካ ኦይስተር ያወጣው ጥናት ከዚህም አልፎ ሄደ። እንቁላሎቹ በደንብ የሚያድጉበት የጨው መጠን፣ ወላጆቻቸው ዘር ባፈሩበት ጊዜ በነበሩበት ውሃ ጨው እንደሚወሰን አሳየ። ጨው በበዛበት ውሃ ያፈሩት ወላጆች ልጆች የቀጠነውን ውሃ አልቻሉትም፤ በቀጠነው ውሃ ያፈሩት ወላጆች ልጆች ግን ቻሉት። እንግዲህ የአንድ ዝርያ የጨው ወሰን ይህ ነው ብሎ አንድ ቁጥር የሚጽፍ ሰው፣ የማን ልጅ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ ከየትኛው ውሃ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ለደጋችን ከባሕሩ ጥናት የምወስደውም ይህንኑ ነው። ወሰኑ የሚሰመረው በአዋቂው ትዕግሥት ሳይሆን በልጁ አቅም ነው።

ወደ ምንጩ እንምጣ። የመንዟ የጭቃ ቀንድ አውጣ፣ በሳይንስ ስሟ ጋልባ ትሩንካቱላ፣ ትንሽ ናት፤ አድጋ ቁመቷ 10 ሚሊሜትር ቢሞላ ነው። በላብራቶሪ በብዛት የተጠናችው ግን የቅርብ ዘመዷ የሆነችው ትልቋ የኩሬ ቀንድ አውጣ፣ ሊምኒያ ስታግናሊስ ናት። የዚህችኛዋ ደም ጥንካሬ ከ120 እስከ 130 ሚሊኦስሞል ነው፤ የባሕር ውሃ አንድ ስምንተኛ መሆኑ ነው። ከተራራ የሚፈልቅ ምንጭ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ 10 ሚሊኦስሞል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃ በቆዳዋ በኩል ሌት ተቀን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጨው ሌት ተቀን ወደ ውጭ ይሾልካል። ኩላሊቷ የገባውን ውሃ ቀጭን ሽንት አድርጎ ያስወጣል። ቆዳዋ ደግሞ ከዚያ ቀጭን ውሃ ውስጥ ሶዲየምን ለቅሞ፣ ከጥቂቱ ወደ ብዙው፣ ጉልበት ከፍሎ ያስገባል። ፒ. ግሪናዌይ እ.ኤ.አ. በ1970 የሶዲየሙን፣ በ1971 ደግሞ የካልሲየሙን አያያዝ በዚህችው ቀንድ አውጣ ላይ አጥንቷል።

ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ውስጥ ያለ ኦይስተር ውሃው እስካልተለወጠ ድረስ ውስጡና ውጭው እኩል ስለሆነ በዚህ በኩል ዕረፍት አለው። ምንጭ ውስጥ ያለች ቀንድ አውጣ ግን ውሃው ባይለወጥም ዕረፍት የላትም። ንጹሕ ውሃ ከጨው ችግር ነጻ ነው የሚለው አነጋገር ለጠጪው እውነት ነው፤ ውስጡ ለሚኖር ለስላሳ ገላ ግን ንጹሕ ውሃ የጨው ችግር ዋነኛው መልክ ነው። በዚያ ላይ እንደ ኦይስተር ገጥማ የምትዘጋው በር የላትም፤ የዚህ ወገን ቀንድ አውጣዎች የዛጎላቸውን አፍ የሚከድን መዝጊያ አልተሰጣቸውም። ድርቅ ሲመጣ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ጭቃው ውስጥ ተቀብረው፣ በደረቀ ልጋግ አፉን ይሸፍኑታል። ውሃ ውስጥ እያሉ ግን ለውሃው የተጋለጡ ናቸው።

ይህ ሁሉ በአዋቂዋ ላይ ነው። አዲስ የተፈለፈለችዋ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አትበልጥም። የጤፍ ቅንጣትና የባቄላ ፍሬ ቢነከሩ ቶሎ ውሃ የሚጠግበው ጤፉ ነው፤ ለያዘው ነገር ሲመዘን ለውሃው የተጋለጠው ገላው ብዙ ነውና። ቁመቷ አንድ አሥረኛ የሆነች ቀንድ አውጣም፣ ቅርጿ አንድ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊግራም ሥጋዋ አሥር እጥፍ የቆዳ ስፋት ለውሃው ትሰጣለች። በዚያው ልክ ውሃ ይገባባታል፣ ጨው ይሾልክባታል። ዛጎሏ ገና ስስ ነው፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ስንቅም የላትም።

የሶዲየሙ ትግል ይህ ከሆነ፣ ካልሲየሙ ይብሳል። ዛጎል የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቫን ደር ቦርኽትና ቫን ፑይምብሩክ እ.ኤ.አ. በ1966 በኩሬዋ ቀንድ አውጣ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከምትወስደው ካልሲየም 80 በመቶ ያህሉ በቀጥታ ከውሃው፣ ቀሪው ከምግቧ እንደሚመጣ አገኙ። ኢባንክስ፣ ኦዶኔልና ግሮሰል እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ ዛጎል መሥራት ሲጀምር ካልሲየምን ከውጭው ውሃ እንደሚስብ አሳዩ። ትግሉ የሚጀምረው እንግዲህ ከመፈልፈል በፊት ነው። ግሮሰልና ብሪክስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ሥራም ከሌላ አቅጣጫ ይህንኑ ይመሰክራል። ታዳጊ የኩሬ ቀንድ አውጣ በሊትር ከ4 ማይክሮግራም በታች በሆነ እርሳስ እድገቷ በግልጽ ይቀንሳል። ምክንያቱ የካልሲየም ፍላጎቷ እጅግ የበረታ መሆኑ ነው፤ እርሳሱ ካልሲየሟ የሚገባበትን ቀጭን መስመር ሲነካው እድገቷ ይጓተታል። አዋቂዋን ብቻ የመዘነ ሰው ይህን ድካም ሊያየው አይችልም።

ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ሊነሡብኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ።

አንደኛው ከፊዚዮሎጂስቶች የሚመጣ ነው። ጨውን ለቅሞ ለማስገባት የሚወጣው ጉልበት ሲሰላ ከእንስሳው ጠቅላላ ወጪ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ ወጪ ዕጣ አይወስንም ይላሉ። ስሌቱን እቀበላለሁ፤ ድምዳሜውን አልቀበልም። ስሌቱ በአብዛኛው ለአዋቂ እንስሳ፣ ለሚመች ሙቀት የተሠራ ነው። የመንዝ ሌሊት ሌላ ነው። መሐል ሜዳ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ሶዲየምንና ካልሲየምን የሚያስገቡት የሕዋስ ፓምፖች ኢንዛይሞች ናቸው፤ ብርድ ያደክማቸዋል። ጨው በገዛ ኃይሉ ወደ ውጭ መሹለኩ ግን በብርድ የዚያኑ ያህል አይቀንስም። በቀዝቃዛ ሌሊት ገቢው ከወጪው በታች ይወርዳል፤ ጉድለቱን በስንቋ የምትሸፍነው አዋቂዋ ናት። ስለዚህ ሙቀት ብቻውን ይወስናል ሲባል፣ ሙቀቱ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ራሱ የጨው መንገድ መሆኑ ይዘነጋል። በሞዴል ውስጥ ሙቀት ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ከፊሉ የጨው ሂሳብ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመስክ የሚመጣ ነው፣ ይበልጥ የማከብረውም እሱን ነው። በፈረንሣይ ሊሙዛን አውራጃ ሮንደሎና ባልደረቦቹ ይህችኑ የጭቃ ቀንድ አውጣ ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። አፈሩ ከግራናይት የተገኘ፣ ኮምጣጣ፣ ውሃውም በካልሲየም የደኸየ ነው፤ ሆኖም ቀንድ አውጣዋ ትኖርበታለች። ቦይኮት እ.ኤ.አ. በ1936 ለብሪታንያ ቀንድ አውጣዎች ያወጣው በሊትር የ20 ሚሊግራም ካልሲየም ወሰን ለእሷ አጥር አልሆነም። ታዲያ ጨው ምን ወሰነ ቢባል መልሱ እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። በኮምጣጣው አፈር ላይ ያሉት በኖራ አፈር ላይ ካሉት ያነሰ ቁመት አላቸው፤ የሚይዙት ቦታም ቁጥራቸውም ያንሳል። ይህ የእኔን ክርክር ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። ቀጭን ውሃ ቀንድ አውጣዋን አያባርራትም፤ ያሳንሳታል፣ ያዘገያታል፣ ቁጥሯን ይቀንሳል። ለበሽታ ዋናው ጉዳይ ደግሞ መኖርና አለመኖር ሳይሆን ቁጥርና ዕድሜ ነው። የትሉ እጭ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብቶ፣ ተባዝቶ፣ ሣር ላይ የሚጣበቀውን ደረጃ አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ተሸካሚዋ ለሳምንታት መኖር አለባት። ትንሽ ገላ ጥቂት እጭ ያሳድጋል፤ ትልቅ ገላ ብዙ።

ተመሳሳይ ነገር በወይና ደጋና በቆላ የቢልሃርዚያን ትል በምታስተላልፈው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ላይም ታይቷል። ሃሪሰን፣ ዊሊያምስና ግሬግ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ጥናት የካልሲየም ባይካርቦኔት መጠን የዚህችን ቀንድ አውጣ እድገትና መራባት እንደሚለውጥ አሳይቷል፤ በጣም የለሰለሰ ውሃ አልተስማማትም። በነገራችን ላይ ሃሪሰን ቆየት ብሎ የኢትዮጵያን ተራራማ ወንዞች ነፍሳት ከሃይንስ ጋር ያጠና ሰው ነው። ዴቪድ ብራውንም በ1960ዎቹ የአገራችንን ቀንድ አውጣዎች እየሰበሰበ መዝግቧል። የውሃ ኬሚስትሪ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ቀንድ አውጣ ጥናት እንግዳ አልነበረም፤ ሞዴሎቹ ሲመጡ ነው ወደ ጎን የተገፋው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለማይለወጥ ውሃ ነው። የደጋው ውሃ ግን ይለወጣል፣ ያውም በየወቅቱ። በበጋ ምንጩ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው ረግረግ ወደ ኩሬ፣ ኩሬው ወደ ከብት ኮቴ ጉድጓድ ይቀንሳል። ፀሐዩ ውሃውን ሲወስድ ጨዉ ይቀራል፤ መንጋው በአንድ ቦታ ሲጠጣ ሽንቱና ፍጉ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው ይህን የቀንድ አውጣዋ መከራ ብቻ አድርጎ ይስለዋል። ነገሩ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። ደሟ ከ120 ሚሊኦስሞል በላይ ከሆነ፣ ውሃው ከ10 ወደ 40 ቢወጣ ክፍተቱ ይጠብና ትግሉ ይቀላል። ለታዳጊዋ የበጋው መጀመሪያ በጨው በኩል የተሻለ ጊዜ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ውሃው ደሟን አልፎ ሲጠነክር ግን መንገዱ ይገለበጣል፤ ለዚህ ደግሞ የባሕር ዘመዶቿ ያላቸው የአሚኖ አሲድ ጥበብ በእሷ ዘንድ ደካማ ነው።

በዚህ መሐል የካልሲየሙ ነገር መዘንጋት የለበትም። ውሃ እየተነነ ሲሄድ ሁሉም ጨው እኩል አይጠነክርም። ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ከሌሎቹ ቀድሞ ይዘቅጣል፤ የሚቀረው ሶዲየም የበዛበት ውሃ ነው። የሻላና የአብያታ ሐይቆች የዚህ ሂደት መጨረሻ ናቸው፦ በሶዲየም ካርቦኔት የበለጸጉ፣ በካልሲየም የደኸዩ። ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሰፊ ጣፋጭ ሐይቅ ነበሩ፤ የዚያ ዘመን ደለል በቀንድ አውጣና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች የተሞላ ነው። ዛሬ በሻላና በአብያታ ውሃ ያ ሕይወት የለም። የመንዝ ኩሬ በአንድ በጋ እዚያ አይደርስም፤ ዝናብ ቀድሞ ይመጣል። ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው። የውሃውን ጠቅላላ ጨው ብቻ የለካ ሰው፣ ጨዉ ሲጨምር ዛጎል የሚሠራው ክፍል እየቀነሰ መሆኑን ሊስት ይችላል።

ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። የመንዝና የግሼ ከፍተኛ ቦታዎች ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የክረምት ዝናብ ያገኛሉ፤ ከፍ ባለው ቀበሌ ገብስ በበልግ የሚዘራውም ለዚህ ነው። የዝናብ ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ጠንክሮ የቆየው ኩሬ በአንድ ከሰዓት ይቀጥናል። በጭቃ ተቀብራ የቆየችው አዋቂ ትነቃለች፣ ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ሲፈለፈል ታዳጊዋ የምትወጣው ዓመቱ ካለው ውሃ ሁሉ ወደ ቀጠነው ነው። በሙቀትና በእርጥበት ሂሳብ ይህ ወር ምቹ ወር ነው፤ በታዳጊዋ የጨው ሂሳብ ግን አስቸጋሪው ወር ነው። ሁለቱ ሂሳቦች የሚለያዩበት ወር እንግዲህ የትኛው እንደሚገዛ የሚፈተንበት ወር ነው። የዴቪስ ጥያቄም እዚህ ይመለሳል። እናቲቱ እንቁላሉን ያፈራችው በበጋው ጠንካራ ውሃ ውስጥ ከሆነና ልጁ የሚያድገው በክረምቱ ቀጭን ውሃ ከሆነ፣ ለየትኛው ውሃ የተዘጋጀ ልጅ ነው የሚወለደው? ይህ በኦይስተር የተጠየቀው ያህል በጭቃ ቀንድ አውጣ አልተጠየቀም።

ይህን ሁሉ ለመፈተን ሰሜን ሸዋ የሚመች አገር ነው። የመንዝና የግሼ አምባ የሚሠራው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ባሳልት ነው፤ ከመንዝ ጓሳ ተዳፋት የሚፈልቀው ውሃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ አጭር መንገድ ተጉዞ የሚወጣ ቀጭን ውሃ ነው። ወደ መርሐቤቴ ሲወረድ፣ የጀማና የወንጪት ወንዞች አምባውን ቆርጠው ከባሳልቱ ሥር ያለውን የጁራሲክ ዘመን ድንጋይ አጋልጠውታል። የሥነ ምድር አጥኚው ብላንፎርድ በእንግሊዙ የናፒየር ዘመቻ ጊዜ ትግራይ ውስጥ አይቶ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ብሎ የሰየመው ንጣፍ ወደ ዓባይ ተፋሰስም ይዘልቃል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ ምድር የባሕር ወለል ነበር። የኖራው ድንጋይ በባሕር ዛጎሎች የተሞላ ነው፤ ከሥሩ ያለው የጎሐ ጽዮን ንጣፍ ደግሞ ጂፕሰም ይዟል፤ ይህም ባሕሩ ጥልቀት አጥቶ እየተነነ ጨዉ እጅግ የጠነከረበትን ጊዜ ይመሰክራል። እንዲህ ባለው ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ በካልሲየም የበለጸገ ሆኖ ይወጣል። ዛሬ በእንዲህ ያለ ምንጭ የምትፈለፈል ቀንድ አውጣ ዛጎሏን የምትሠራው ጥንት በባሕር ከኖሩ ዛጎል ለበሶች ቅሪት ነው። ጨው የዚህ አገር ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው እነዚህን ገደሎች ልብ ብሎ ይያቸው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ኖራ ያለበት ቆላው፣ ባሳልት ያለበት ደጋው ስለሆነ፣ የጓሳን ምንጭ ከጀማ ሸለቆ ምንጭ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ሙቀትን ከካልሲየም ጋር ያደባልቃል። ማነጻጸሩ መደረግ ያለበት በአንድ ከፍታ ላይ ነው። በሸለቆው ግድግዳ እኩል ከፍታ ላይ ከባሳልት ፍርስራሽ የሚወጣና ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ምንጭ ጥንድ ጥንድ እየተደረጉ መመረጥ አለባቸው። የተለመደው ሐሳብ ትክክል ከሆነ በጥንዶቹ መካከል የታዳጊዎች ቁጥርና የእድገት ፍጥነት አይለያይም። የእኔ ሐሳብ ትክክል ከሆነ ይለያያል፤ ልዩነቱም ከአዋቂዎች ይልቅ በታዳጊዎች ላይ፣ ከበጋ ይልቅ በክረምት መግቢያ ላይ ይጎላል። ይህ ካልታየ ክርክሬን እተዋለሁ።

ነገሩ የዕውቀት ብቻ አይደለም። ቀንድ አውጣን በመድኃኒት ለማጥፋት የተደረገውን ጥረት ኢትዮጵያ በደንብ ታውቀዋለች። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ የእንዶድን ኃይል አገኘ፤ እሱና ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ቆይቶም እንዶድ የሰሜን አሜሪካን ሐይቆች የወረረውን የሜዳ አህያ ሙስል እንደሚገድል ታወቀ፤ የእኛ ተክል በባዕድ አገር ዛጎል ለበስ ላይ ሠራ። ሆኖም እንዶድ አዋቂዎችን በሚገድልበት መጠን እንቁላሎችን አይጎዳም። አዋቂዎቹ ሞተው እንቁላሎቹ ከቀሩ፣ ከሳምንታት በኋላ ምንጩን የሚሞሉት ታዳጊዎች ናቸው። መቼ ይደገም የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ታዳጊዎቹ በዚያ ውሃ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚያድጉ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን ደግሞ የውሃውን ካልሲየም ሳያውቁ መገመት አይቻልም። ለበጎች የሚሰጠው የጉበት ትል መድኃኒት ጊዜም እንዲሁ ነው። ቀንድ አውጣዋ በቀጭኑ ምንጭ ከዘገየች ሣሩ የሚመረዝበት ሳምንትም ይዘገያል፤ ለወረዳው ሁሉ አንድ ቀን ቆርጦ መድኃኒት መስጠት አንዳንዱን መንጋ ቀድሞ፣ አንዳንዱን ዘግይቶ ይደርሰዋል።

የመንዝ በግ ለዚህ አገር ምን እንደሆነ ለአንባቢው መንገር አያስፈልገኝም። ሱፉ ባናና ዝተት ሆኖ ብርዱን ይመክታል፤ ገብሱ በውርጭ ሲመታ ቤተሰቡን የሚያወጣው የሚሸጠው በግ ነው። በ1990ዎቹ በደብረ ብርሃን የነበረው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ የመንዝንና የሆሮን ጠቦቶች የውስጥ ጥገኛ ትሎችን በመቋቋም አነጻጽሯል፤ በኋላም በመንዝ ገበሬዎች ራሳቸው የሚመሩት የበግ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። ስለ በጉ ይህን ያህል ተደክሟል። ከበጉ እግር ሥር ስላለው ውሃና በውስጡ ስለሚፈለፈለው ፍጥረት የተደከመው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን፣ በጎንደር፣ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ የቀንድ አውጣና የጉበት ትል ጥናት ለሚመሩ ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ወደ ረግረጉ ስትወርዱ ከቴርሞሜትሩ ጋር የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ያዙ፤ ለካልሲየም ምርመራ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቅዱ። ልኬቱን በበጋው መጨረሻና ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ድገሙት። ቀንድ አውጣዎቹን ስትቆጥሩም በጠቅላላ አትመዝግቡ፤ በቁመት ከፍላችሁ፣ ከ2 ሚሊሜትር በታች ያሉትን ለብቻ ቁጠሩ፤ ለእነሱ የሚሆን ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ወንፊት ይኑራችሁ። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ነው፤ ሥራውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።